ተረኛው ያልመጣለት ዘብ

ሽታው የመጣው ከደረጃው ነው። የልጅ ልጄ ሔራን ሳን ሆዜ በምትማርበት ኮሌጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሙዚየም አለች። "አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" ብላ ወስዳኝ ገና በሩን እንዳለፍን፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ የደረጃውን የናስ መደገፊያ በጨርቅ ሲወለውል አገኘነው። ያ የመወልወያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ቀጥ አለ። ሔራን የደከመኝ መስሏት ክንዴን ያዘች። አልደከመኝም። በዚያች ቅጽበት ካሊፎርኒያ አልነበርኩም፤ ካኪዬን ለብሼ ከጦር ሰፈራችን በር ላይ ቆሜ፣ የቀበቶዬ ዘለበት በጠዋት ፀሐይ ሲያብረቀርቅ እያየሁ ነበር። መወልወያው በትንሽ ቆርቆሮ ነበር የሚመጣው። ከሰፈሩ ፊት ለፊት ካለው የዐረብ ሱቅ በሰባ አምስት ሳንቲም እንገዛዋለን፣ ለሦስት አዋጥተን። ሲያልቅብን አመድና ሎሚ ነው። ሎሚው ይበልጣል የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ግን አላምናቸውም ነበር። ሎሚ ጠዋት ያበራና ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ ያወጣል። ዘለበቱ ያላበራ ዘብ ደግሞ በሩ ላይ አይቆምም፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት በር ላይ ነው።

ከተማዋ ሰሜን ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የሚያውቋት በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በቆሙት ዘንባባዎችና በቅስቶቹ ሥር ማሽናቸውን ደርድረው በሚቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ያውቋታል። ከሰፊዎቹ አንዱ፣ አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ፣ መንግሥት የሰጠንን እንደ ጆንያ የሰፋ ሱሪ በአንድ ብር ከስሙኒ ከጭኑ ላይ አጥብቦ፣ ከታች ለቀቅ አድርጎ የጊዜው ፋሽን ያደርግልን ነበር። አዛዡ በሰልፍ ላይ ይህን ሲያይ ይቆጣል፤ የእሱም ሱሪ የተሰፋው ግን እዚያው ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሲኒማ ቤቱ አጠገብ ያለች ቡና ቤት እንገባለን። አሥር ሳንቲም ሲያጎርሷት ዘፈን የምታወጣ ሳጥን ነበረቻት። ሁሉም የሚመርጠው የመለያየት ዘፈን ነው፤ ጦር ሜዳ እሳት የሚተፋው ሰው ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በመሐረብ ያብሳል። እኔ ዘፈኑን የምሰማው ወደ በሩ ዞሬ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የገባው እጁን የት አደረገ። ጓደኞቼ "ኬላ" ብለው ስም ያወጡልኝ ያኔ ነው። ስሜ በቀለ፣ ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ግን ሱዳንን ተሻግሬ፣ ኦክላንድ ገብቼ፣ ዳውንታውን ባለ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ ስንት ዓመት ባጅ ስፈትሽ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼም፣ የሚያውቁኝ ሁሉ የሚጠሩኝ ኬላ እያሉ ነው።

ሔራን ያመጣችኝ ለጥናቷ ነው። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ነርሲንግ ተማሪ ብላ ስትማጠናት ልጅቷ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎችን ሕግ መረጠች። የሮም ወታደሮች መብታቸው ምን ነበር፣ ከጦሩ እንዴት ይሰናበቱ ነበር፣ ይህን ነው የምታጠናው። በክፍል ጓደኞቿ ፊት ፕሬዘንቴሽን ስላለባትና በቤታችን ወታደር የነበርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የምትለማመደው በእኔ ላይ ነው። ፎቅ ወጥተን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለ የመጽሐፍ ገጽ የሚያክል ነሐስ አሳየችኝ። ሁለት ቅጠል ነው፤ ጽሑፉ የጉንዳን መንገድ ይመስላል።

"ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናሉ ዩሮፕ ነው ያለው" አለችኝ።

ነገሩ ወዲያው አልጣመኝም። "ኮፒ ከሆነ እውነት መሆኑ በምን ታወቀ?"

"አባባ፣ ኤቭሪባዲ ኖውስ!"

"ኤቭሪባዲ ማለት ማነው? ስም የለውም?"

ሳቀችና ቀጠለች። ነሐሱ የተሰጠው ሰው የሮም ተወላጅ ያልሆነ ወታደር ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ንጉሡ ዜግነት ይሰጠዋል፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም። ወታደር እያለ ማግባት ስለማይፈቀድለት፣ በድብቅ አብራው የኖረችው ሴት ያን ቀን በሕግ ሚስቱ ትሆናለች። ይህ ሁሉ ነሐሱ ላይ ተጽፏል። የወደድኩት ግን አጻጻፉን ነው። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የሚጽፉት፤ አንዴ ከውጭ ማንም እንዲያነበው፣ አንዴ ደግሞ በሁለቱ ቅጠሎች መሃል፣ ከውስጥ። ከዚያ ቅጠሎቹን ገጥመው በሽቦ ያስሩና ሰባት ምስክሮች ሽቦው ላይ ማኅተማቸውን ያደርጋሉ። አንድ አታላይ የውጩን ፍቆ ቢለውጥ፣ ዳኛው ሽቦውን ቆርጦ የውስጡን ያያል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚህ አንጀቴን ያራሰኝ መንግሥት የለም። ማንንም አያምንም፤ አለማመኑንም አይደብቅም። ቢሆንም ዝም ብዬ አላለፍኩትም።

"ሃያ አምስት ዓመት ቀልድ ነው እንዴ! ስንቱ ይደርሳል?" አልኳት።

"ብዙ ሰው አይደርስም።"

"ታዲያማ! ለሚሞት ሰው ነሐስ ቃል መግባት ማንን ይከብደዋል?"

"ጉድ ፖይንት" ብላ ስልኳ ላይ ጻፈችው። ሌላም ነገረችኝ። ልጅ በወታደርነቱ ያፈራውን አባቱ መንካት አይችልም። አባቴ ትዝ አለኝ፤ የመጀመሪያ ደሞዜን ሊቀበል በአውቶቡስ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ከሰፈሩ በር ድረስ መጥቶ ነበር። ሮም ቢሆን ኖሮ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በውጊያ ላይ የሚሞት ወታደር ደግሞ ኑዛዜውን በደሙ ጋሻው ላይ ቢጽፍ፣ በሰይፉ ጫፍ መሬት ላይ ቢጭር፣ ያም ሕግ ነው። መጻፍ ካልቻለ በአፉ ቢናገርም ይጸናል፤ የምሩን መናገሩ ከታወቀ። ጨዋታ ላይ የተናገረው አይቆጠርለትም። ይህችኛዋ ሕግ ልቤ ውስጥ ቀረች፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

"ናው፣ ስለ ዲስቻርጅ" አለች እንደ አስተማሪ ቀጥ ብላ። "ወታደር የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው። በክብር፣ ጊዜውን ጨርሶ። በሲክነስ፣ ሲታመም።"

"ቦርድ ወጣ እንለዋለን እኛ።"

"ቦርድ። ኦኬ። ሦስተኛው በውርደት። አለቃው ሲያሰናብተው ሪዝኑን መናገር አለበት፣ ኦልዌይስ። ምንም ባይናገርም ግን ማዕረጉን ከላዩ ላይ ካነሳበት፣ ያው ውርደት ነው።" ከዚያ ዞር ብላ ያን የእናቷን ትልልቅ ዓይን ተከለችብኝ። "አንተስ አባባ? የትኛው ነህ?"

"ርቦኛል" አልኳት።

አልራበኝም ነበር። ልጅቷ ሳታውቀው የጠየቀችኝ እኔ ራሴ ሌላውን ሰው ሁሉ የምጠይቀውን ጥያቄ ነው። እኔን ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያ ሁሉ ጦርነት ሲያበቃ እኔ በሰፈሩ በር ላይ ነበርኩ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ ሬዲዮው ዝም ብሏል፣ መኮንኖቹ ለስብሰባ ብለው እንደወጡ ቀርተዋል፣ ወታደሩ በሦስት በአራት እየሆነ በጎን አጥር ይሾልካል። በእኔ በር በኩል የወጣ የለም፤ በእኔ በኩል የሚወጣ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። ማታ ተረኛው መጥቶ ሊረከበኝ ይገባ ነበር። አልመጣም። እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ቆሜ ጠበቅኩት። ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት የወጥ ቤቱ ውሻና እርግቦቹ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ውስጥም ሰው የለ፣ ውጭም ሰው የለ፤ የዘጋሁት በማን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተሰናበትኩ እንዳልል ያሰናበተኝ የለም፤ ከዳሁ እንዳልል የከዳሁት ጦር ከእኔ በፊት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም፤ ፊልም ቤት የምቀመጠው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ ቤቴ የሚመጣውን ሰው ጫማ ሳላይ ፊቱን አላይም። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና "ጦርነቱ አልቋል እኮ አንተ ሰው" ትለኝ ነበር። ማን ነገራት?

ከሙዚየሙ ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ "እዚሁ ሳን ሆዜ አንድ ሰው ቤት አድርሺኝ" አልኳት። ወዴት እንደምንሄድ በመንገድ ላይ ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። ኦክላንድ ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ዕድር አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ዶናት ቤት እንሰበሰባለን። ባለቤቷ ካምቦዲያዊት ናት፣ "ጉድ ሞርኒንግ ጀነራልስ" ብላ ነው የምትቀበለን። እሷ ምን ታድርግ፣ ውቅያኖሱን ስንሻገር ሁላችንም ማዕረግ አድገናል። ሊቀ መንበራችን ሻለቃ ክፍሌ መቶ አለቃ ነበር፣ ያውም የዕቃ ግምጃ ቤት። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ዕድሩ የሚሞተውን ይቀብራል፤ ቤተሰብ የሌለውን ያስታምማል። አዲስ ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ የት ክፍል ነበርክ፣ አዛዥህ ማን ነበር፣ ከጦሩ እንዴት ለቀቅክ። ጠያቂው እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ከሳን ሆዜ በባርት ባቡር የሚመላለስ አንድ ሰው መጣብን። አሥር አለቃ ወንድይፍራው ነኝ አለ። ጸጉሩ ነጭ፣ ረጋ ያለ፣ ዘመድ የሌለው፤ በዚሁ ወር ልቡ ኦፕሬሽን ሊደረግ ነው፣ ከዚያ በፊት ዕድሩ ውስጥ መግባት ፈለገ። ካልተቀበልነውና ከኦፕሬሽኑ ካልተነሳ፣ የሚቀብረው ካውንቲው፣ የአካባቢው መንግሥት ነው፤ ስሙን በትክክል መጥራት በማይችሉ ሰዎች እጅ።

እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠረጠርኩት። ሰው ሁሉ ማዕረጉን ወደ ላይ ሲዋሽ፣ ይህ ሰው ወደ ታች የዋሸ መሰለኝ። አሥር አለቃ ከሆነ ሃምሳ አለቃ የሆንኩት እኔ አንተ ልለው ይገባል፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ፣ ሳላስበው "እርስዎ" ይወጣኛል። ክፍሌ በጦር ሜዳ ወሬው በካርታ ላይ የማይገናኙ ሁለት ከተሞችን ሲያገናኝ ሁላችንም እንስቃለን፤ እሱ ግን ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ከሁሉ በላይ ያጋለጠው ዶናቱ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ቸኮሌት የተቀባው መጀመሪያ ያልቃል፣ ከዚያ ስኳር ያለበት፤ መጨረሻ ምንም ያልተቀባች ደረቋ ትቀራለች። ወንድይፍራው ሁሉም ሰው እስኪያነሳ እጁን አይዘረጋም፤ በየሳምንቱ ያቺን ደረቋን አንስቶ "እኔ የምወደው ይቺን ነው" ይላል። ደረቅ ዶናት የሚወድ ሰው በዓለም ላይ የለም። ወታደሩ ሳይበላ የማይበላ መኮንን ብቻ ነው እንደዚህ የሚያደርገው። መኮንን ሆኖ የሚደበቅ ደግሞ አንድ ነገር ቢኖረው ነው፤ ወይ ያሳሰራቸው ሰዎች አሉ፣ ወይ ጥሏቸው የሄደ። አዛዥዎ ማን ነበር ስለው ስም ጠራ። እንዴት ለቀቁ ስለው "እንደ ሰው ሁሉ ተበተንኩ" አለ። ይህ መልስ አይደለም። ክፍሌ "ኬላ፣ አሳልፈው በቃ፣ የታመመ ሰው ነው" ሲለኝ አላሳልፍም አልኩ።

"ሶ አሁን ሄደህ ልትጮህበት ነው?" አለችኝ ሔራን መሪውን ይዛ።

"ልጠይቀው ነው።"

"የሮም ሶልጀርስም የቀብር ፈንድ ነበራቸው፣ ዩ ኖው። እንደ ዕድር።"

"ማንን እንደሚያስገቡ ይመርጡ ነበር?"

"አላውቅም።"

"ይመርጡ ነበር" አልኳት።

የሚኖረው ከአንድ የቬትናም ቤተሰብ ቤት ጀርባ፣ ጋራዥ የነበረች ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ በባልዲ የተተከለ ቲማቲም አለ። ከፍቶ ሲያየኝ አልደነገጠም። "ሃምሳ አለቃ፣ መምጣትዎ አይቀርም ብዬ ነበር" አለ። ዓይኔን በክፍሉ ዙሪያ አዞርኩ። ጫማዎቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፣ የአልጋው አንሶላ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ግድግዳው ላይ አንድም ፎቶግራፍ የለም። ሻይ ቀዳልን፤ መጀመሪያ ለሔራን፣ ከዚያ ለእኔ፣ መጨረሻ ለራሱ። ልክ ነኝ አልኩ በልቤ።

"እርስዎ አሥር አለቃ አይደሉም" አልኩት ብርጭቆውን ሳልነካ።

"አባባ!" አለች ሔራን።

"ተይው ልጄ፣ ሥራው ነው" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሻምበል ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን ደበቁ?"

ሻዩን ቀስ ብሎ አማሰለ። ስኳር እንኳን አልጨመረበትም ነበር። "ሬዲዮው ዝም ሲል ልጆቼ፣ ወታደሮቼን ማለቴ ነው፣ ከእኔ ጋር ነበሩ። እንዲሁ ቢበተኑ ኮብላይ ናቸው፤ ነገ ማን መጥቶ ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው አይታወቅም። ለራሳቸውም ቢሆን፣ ዕድሜ ልካቸውን ከዳን እያሉ እንዲኖሩ አልፈለግኩም። ስለዚህ አሰለፍኳቸው። እያንዳንዱን በስሙ ጠራሁት። 'ግዳጅህን ፈጽመሃል፣ በክብር ተሰናብተሃል፤ የማሰናብትህ እኔ የሆንኩት ከእኔ በላይ የቀረ ስለሌለ ነው' አልኩት። ሰላምታ ሰጠሁት፣ ሰጠኝ፣ ሄደ። እንዲህ እያልኩ እስከ መጨረሻው።"

"ሥልጣኑን ማን ሰጠዎት?"

"ማንም።"

"ሻምበል ማንንም ማሰናበት አይችልም!"

"አይችልም። እሱንማ ከእርስዎ በፊት አውቀዋለሁ። በሌለኝ ሥልጣን ስለሠራሁ፣ የነበረኝን መለስኩ። የመጨረሻው ልጅ ሲሄድ የትከሻ ማዕረጌን በምላጭ ቆርጬ ቀበርኩት።"

ሔራን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ወይት፣ ራስዎ ነዎት የቆረጡት?"

"ራሴ።"

"አባባ፣ ሕጉ አለቃው ካነሳበት ነው ውርደት የሚለው። ራሱ ላነሳ ሰው ኖ ሩል። እኔ አይቼ አላውቅም።"

"አሥር አለቅነቱንስ ለምን አስቀሩት?" አልኩት እኔ። አሁንም አልለቀቅኩትም።

"እሱን የሰጠኝ የመጀመሪያው አለቃዬ ነው፣ አንድ ምሽግ ውስጥ አብሮኝ የተኛ ሰው። ለእሱ መመለስ አልችልም፤ እዚያው ምሽግ ውስጥ ቀርቷል።"

"ምስክር አለዎት?"

"ምስክሮቹ እነሱ ናቸው። የት እንዳሉ አላውቅም። ደህና ገብተው እንደሆነም አላውቅም።" ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። "አንዳንድ ሌሊት የጠራሁት ሁሉ ተመልሶ 'ሻምበል፣ ስንብቱ አይሠራም አሉን' የሚለኝ ይመስለኛል።"

የቆምኩበትን ሁሉ በር አስታወስኩ። ውሸታም ሰው ምስክር አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ስልክ ቁጥር ሁሉ ይሰጥሃል። ይህ ሰው ምንም የለውም። ያኔ ነው መጠርጠሬን የተውኩት። እኔም በር ዘግቼ የወጣሁ ሰው ነኝና ምስክር የለኝም።

"እርስዎስ፣ ሃምሳ አለቃ?" አለኝ። "እንዴት ለቀቁ?"

በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቅኩ። አሁን ርቦኛል ማለት አይቻልም፤ ሰውየው ያለውን ሁሉ ዘርግፎልኛል። "አልለቀቅኩም" አልኩት። "ዘብ ነበርኩ። ተረኛዬ አልመጣም።"

ከዚያ ተነሳ፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ሊሸኘን መስሎኝ እኔም ተነሳሁ። ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። የታመመው ሰውዬ ጠፍቶ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል።

"ሃምሳ አለቃ በቀለ! ሪፖርት!"

ተረከዞቼ ሳላዛቸው ገጠሙ። ጉልበቴን ያመኝ ነበር፣ የት እንደሄደ እንጃ። "ጌታዬ! በዋናው በር፣ በጥበቃዬ ሰዓት... አዲስ ነገር የለም!" አልኩ። መንግሥት ሄዷል፣ አገሬ ሌላ ሆኗል፣ ሚስቴ ሞታለች፣ ልጄ ልጅ ወልዳለች፣ እኔ ግን አዲስ ነገር የለም እያልኩ አለቅሳለሁ።

"ተረክቤአለሁ" አለ። "በክብር ተሰናብተሃል። ምክንያቱም ሁሉም ሲሄድ አንተ ቆይተሃል። ሂድ፣ እረፍ።"

የምሩን ነበር። በማን ሥልጣን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሔራን አፏን በእጇ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ "ፕሬዘንቴሽኔን መቀየር አለብኝ" አለችኝ። ከዚያ የማስታውሰው መኪናው ውስጥ ስገባ ነው። ስነቃ ኦክላንድ፣ ቤቴ በር ላይ ነን። "አባባ፣ ሙሉውን መንገድ ተኛህ" አለችኝ፣ ታምር እንዳየ ሰው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርኩ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ሁሉም አለ።

ቅዳሜ ወንድይፍራውን ራሴ ባርት ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኩት። ዶናት ቤቷ ውስጥ ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ክፍሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "እህሳ ኬላ፣ ሰውየው አለፈ?"

"አልፏል። የነበረበትን አውቃለሁ፣ ያደረገውንም አውቃለሁ። ምስክሩ እኔ ነኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ለሰው ስመሰክር አይተው አያውቁማ። ክፍሌ ግን አንዴ ሊቀ መንበር ሆኗልና ደንቡን አልተወም። "ሦስተኛው ጥያቄ ይቀራል። ማን አሰናበተው?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያሰናበተ፣ እኔንም ያሰናበተ ሰው፣ እሱን ያሰናበተው የለም። ወንድይፍራው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ወደ ታች ያያል። ሳጥኑ ገና አልተከፈተም። ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ፤ ሻምበልን ማሰናበት አልችልም፣ ግን እሱ ራሱ በምላጭ ቆርጦ የቀበረውን ማዕረግ እኔ ቆፍሬ አላወጣም። አሥር አለቃ ነኝ ብሏል። እኔ ሃምሳ አለቃ ነኝ።

ተነሳሁ። "አሥር አለቃ ወንድይፍራው! ተነሳ!"

ክፍሌ "ምን ሆነሃል አንተ" ሲል እጄን አንስቼ አስቆምኩት። ወንድይፍራው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ገባው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የካምቦዲያዋ ሴትዮ መጥረጊያዋን ይዛ ከመደርደሪያው ጀርባ ታየናለች።

"ግዳጅህን ፈጽመሃል" አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ እያልኩ። "በክብር ተሰናብተሃል። ምክንያቱም ሁሉንም አሳልፈህ መጨረሻ የቀረኸው አንተ ነህ።"

ሰላምታ ሰጠኝ፣ ሰጠሁት። ክፍሌም ተነሳ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ቆጠርኳቸው፤ ልማድ ነው፤ ሰባት አልሞሉም፣ ግን ይበቃሉ አልኩ። ክፍሌ እስክሪብቶውን አውጥቶ ስሙን መዘገበ። ከዚያ ተቀምጠን ሳጥኑ ተከፈተ። እንደ ወትሮው እጅ ሁሉ ሊዘረጋ ነበር፤ እኔ የክፍሌን እጅ ያዝኩት። ሌሎቹም ቆሙ። ወንድይፍራው ወደ ሳጥኑ አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ እንደገና ወደ ሳጥኑ አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከሁላችንም በፊት አነሳ።

ያነሳው ቸኮሌት የተቀባውን ነው። ዱሮም ጠርጥሬ ነበር።